የአያቷን መድኃኒት ሰሌዳ ላይ አስጻፍኳት

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ኮሌጅ እያለሁ ስለ እሷ ሥራ ማውራት አፍር ነበር። አሁን ሳስበው ስለ ፈርመንቴሽን ከመምህሮቼ ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። አርፋለች። ይህን ሳልነግራት ነው የሄደችው።

ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን "ቤታችሁ ያሉ ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ኑ፤ ከሳይንሱ ጋር እናስተያየዋለን" አልኳቸው። ክፍሉ ነፍስ ዘራ። ጭራሽ የማይናገሩ ልጆች እጅ ማውጣት ጀመሩ። አንዷ ዝምተኛ ልጅ የአያቷን መድኃኒት ይዛ መጣች። አያቷ በአካባቢው የታወቁ ባለመድኃኒት ናቸው። ቅጠሉን፣ አቀማመሙን፣ ለምን እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ አስጻፍኳት። ሁሉም ደብተሩ ላይ ገለበጠው። አጨበጨብንላት።

በሦስተኛው ቀን አያቷ በትራቸውን ተደግፈው ትምህርት ቤት መጡ። አልጮኹም። "ልጄ፣ ይሄ የአባቴ ነው። ለእኔ ሲሰጠኝ አስምሎ ነው የሰጠኝ። አንቺ ለስልሳ ልጅ በተንሽው" ብለውኝ ሄዱ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ልጆቹም "የጠንቋይ ልጅ" ይሏታል። ርዕሰ መምህሩ "ሚኒስትሪ ደርሷል፤ ፖርሽን ሳትሸፍኚ ተረት ታወሪያለሽ?" አሉኝ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ "እንጥል የሚቆርጡና የሕፃን ጥርስ የሚነቅሉ ሰዎችን ሳይንቲስት ልታደርጊያቸው ነው?" ይለኛል። ሁለቱም ትንሽ እውነት አላቸው፤ የሚያመኝም እሱ ነው። ወደ መጽሐፉ ልመለስና ይቅርብኝ? ሽማግሌውንስ በምን አፌ ይቅርታ ልጠይቃቸው?

መምህርቷ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የቅጠሉን ስም አልጻፍሽውም። ለምን በሽታ እንደሚሰጥም አልነገርሽኝም። ማንም ሳያስጠነቅቅሽ ነው እጅሽን የሰበሰብሽው። ሽማግሌው ያሉሽ ነገር ገብቶሻል ማለት ነው። የቀረሽ እንደገባሽ ለእሳቸው መንገር ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ አያትሽ ላንሳ። "ሳልነግራት ነው የሄደችው" ያልሽው ሆዴን አባባው። እስኪ ልጠይቅሽ። ያን የቤት ሥራ ስትሰጪ ለተማሪዎቹ ብቻ ነበር ወይስ ለእሷም ጭምር? ለእሷም ከሆነ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንዲያውም ጥሩ መምህር የሚያደርግሽ ይሄ ይመስለኛል። ግን ማወቁ ይጠቅምሻል። ሰው ያደረ ዕዳ ሲከፍል ይቸኩላል። አንቺም ቸኩለሽ ባለቤቱን ሳትጠይቂ ወሰድሽ። ስህተትሽ ይሄ ብቻ ነው። ሐሳብሽ ግን ትክክል ነበር።

ቤት ያለ እውቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እርሾ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ያለቀባት ጎረቤቷ ዘንድ ኩባያ ይዛ ትሄዳለች። የባለመድኃኒት እውቀት ግን እንደዚያ አይዞርም። ከልጆቹ መካከል አንዱ ይመረጥና አባት ሲያረጅ ዱር ይዞት ወጥቶ ያሳየዋል። ከተነገረ አይሠራም ብለው የሚያምኑም ብዙ ናቸው። አንቺ ይህን ላታምኚ ትችያለሽ። ሽማግሌው ግን ያስማላቸውን አባታቸውን እያሰቡ ነው አንቺ ዘንድ የመጡት። እሳቸው የጠበቁት መሐላ በልጅ ልጃቸው እጅ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ይሄ ሐዘን ነው። አልጮኹም ያልሽውም ለዚህ ይመስለኛል።

ደግሞ ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጤፋችን የደረሰበትን ታስታውሻለሽ? አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን "የእኔ ፈጠራ ነው" ብሎ በአውሮፓ ፓተንት አወጣበት። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚፈጩትን ዱቄት! የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ብሎ የኔዘርላንዱን ፓተንት ውድቅ እስኪያደርግ ድረስ ዓመታት አለፉ። በአገራችንም ለዚህ ተብሎ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 ወጥቷል። የማኅበረሰቡ እውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወሰድ የሚል ነው። ሽማግሌው አዋጁን ላያውቁት ይችላሉ። በሦስተኛው ቀን በትር ተደግፈው መጥተው የነገሩሽ ግን ያንኑ ነው።

ስለዚህ ሂጂ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሆን ጥሩ ነው። ብቻሽን አትሂጂ፤ አካባቢውን የሚያውቅ፣ እሳቸውም የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ያከራዩሽ ሰው ወይም የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ባዶ እጅ አይኬድምና ቡናና ስኳር ያዢ። ገንዘብ ግን በፍጹም፤ ገንዘብ ከያዝሽ ልትገዢያቸው የመጣሽ ይመስላል። ቁጭ ስትዪ ስለ ሳይንስ ማስረዳት አትጀምሪ። "ለበጎ ነበር" ብለሽም አትክፈቺው፤ እሱ በኋላ ራሱ ይገባቸዋል። "አባቴ፣ ሳልጠይቅዎ ወሰድኩ፤ አጥፍቻለሁ" ማለት ይበቃል። ልጅቷ አላጠፋችም፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ በያቸው። ይሄን ካልሰሙ ጦሱ ቤት ውስጥ ለእሷ ይተርፋል።

ከዚያ የሚከብደው ይመጣል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መጻፋቸውን አትደብቂያቸው። "ምን ላድርግ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። "ቅደዱት" ካሉ ያን ገጽ ትሰበስቢያለሽ፤ ከቻልሽ እዚያው እሳቸው ፊት ታቃጥይዋለሽ። "ይሁን፣ የወጣ ወጥቷል" ሊሉም ይችላሉ። ምንም ቢሉ ግን የሚወስኑት እሳቸው ይሁኑ። በእኔ አስተያየት ባይሉሽም ገጹን መሰብሰብ አለብሽ። ስልሳ ልጅ የመድኃኒት አቀማመም ይዞ ቤቱ ገብቷል። አንዱ የታናሽ እህቱን ሆድ ቁርጠት ሊያክም ቢነሳስ? ኮሶን አስቢው። የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ይሄ የተረጋገጠ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰው ይጎዳል። ባለመድኃኒቱ የሚደብቁት ቅጠሉን ብቻ አይደለም፤ መጠኑንም ጭምር ነው። ምስጢሩ ለጥንቃቄም የተሠራ አጥር ነው። ከአሁን በኋላ የሚዋጥና የሚጠጣ መድኃኒት ክፍል ውስጥ አታስገቢ።

"እና ምን ቀረኝ?" ትዪኝ ይሆናል። ሞልቶ! የቀረሽ ለዓመት የሚበቃሽ ነው።

አያትሽ ከሚያውቁት እንጀምር። ልጆቹ "ፈርመንቴሽን" የሚለውን ቃል ሸምድደው ይፈተናሉ። ሊጡ ግን ቤታቸው ውስጥ በየሁለት በሦስት ቀኑ ይቦካል። ሦስት ባዶ ሃይላንድ አምጪ። እኩል የጤፍ ዱቄት፣ እኩል ውኃ አድርጊባቸው። በአንዱ እርሾ ጨምሪ። በሁለተኛው ተፍልቶ የቀዘቀዘ እርሾ ጨምሪ። ሦስተኛው እንዲሁ ይቅር። አፋቸው ላይ ፊኛ እሰሪና ልጆቹ መጀመሪያ ይገምቱ፤ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። የፈላው እርሾ ለምን ደከመ? እርሾ ያልገባበትስ ቆይቶ ለምን መሽተት ጀመረ? ከዱቄቱ ጋር ራሱ የመጣ ሕይወት ያለው ነገር ይኖር ይሆን? በዚህች ሃይላንድ ስለ ማይክሮብ፣ ስለ ማነጻጸሪያ ናሙና፣ ስለ ጋዝ አንድ ላይ አስተማርሽ። የእናንተ አገር ብርድ ነው፤ አንዱን ምድጃ አጠገብ የሚያሳድር ልጅ ፈልጊና የሙቀትን ነገር ጨምሪበት። እናቱ ክረምት ላይ ሊጡን ለምን ወደ እሳት እንደምታስጠጋ ያኔ ይገባዋል።

ልጆቹ "አብሲት ለምን ይጣላል?" የሚለውን ቤት ጠይቀው ይምጡ። ከቦካው ሊጥ ቀንሶ በፈላ ውኃ አማስሎ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ስታርቹ በሙቀት ይለወጣል፤ እርሾው በቀላሉ ይበላዋል፤ የእንጀራው ዓይን ያምራል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያላነበቡ እናቶች ሞክረው፣ አበላሽተው፣ ደግመው ሞክረው የደረሱበት ነው። ለልጆቹ ይሄንን ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። መሞከር፣ መሳሳት፣ ማስታወስ ቤታቸው ውስጥ አለ። የጎደለው መጻፍና መለካት ነው፤ እሱን ደግሞ አንቺ ጨምሪላቸው።

ስለ እንዶድም ንገሪያቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠና ነበር። የቢልሃርዚያ ተሐዋሲ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነበር። እሱ ግን ቆሞ ለምን አለ፤ ወስዶም ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት። ይህን ታሪክ ሳስብ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ተማሪዎችሽን ጠይቂያቸው፤ "ግኝቱ የማን ነው?" በያቸው። መልሱን አንቺ አትስጪ። ተይው ይከራከሩ። የልጅቷ አያት ነገር በዚያ ክርክር ውስጥ ስሙ ሳይነሳ መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። እንዶድ ስታሳዪ ግን አረፋውን ከሳሙና አረፋ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ለዓሣ መርዝ ነውና ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ወደ አፍም አይጠጋ።

የባልደረባሽን ነገር እንዳልፈው አልፈልግም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንጥል መቁረጥና የሕፃን የወተት ጥርስ መንቀል ልጆችን ለደም መፍሰስና ለቁስል ዳርጓል። ይህን ክፍል ውስጥ መናገር አያቶችን መናቅ አይደለም። ባህላችን ስለሆነ ብለሽ ዝም ካልሽ ልጆቹ ላይ ትፈርጃለሽ። እኔ የምፈራው ተቃራኒውንም ነው። አንዱ ስለተሳሳተ ሌላው ሁሉ ተረት ነው ማለት። ሁለቱም መንገድ ከመመርመር ያድናል፤ ለዚህ ነው የሚቀለው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ደጃችሁ አለላችሁ። በእናንተ ደጋ ገበሬው አፈሩን ከምሮ፣ ኩበት ከቶበት አቃጥሎ ገብስ ሲዘራ ኖሯል። ባልደረባሽ "ኋላ ቀርነት" ሊለው ይችላል። ሌላው ደግሞ "የአባቶች ጥበብ" ይለዋል። እውነቱ መሃል ላይ ነው። አፈሩ ሲቃጠል ፎስፈረሱ ለሰብሉ ይለቀቃል፤ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ነገር ግን ከአፈሩ ውስጥ ብስባሹና ናይትሮጅኑ ይነዳል፤ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጦም ያድራል። ገበሬውም ይህን ያውቃል። ለዚያ ነው መሬቱን የሚያሳርፈው። አንድ አባት ክፍል ጋብዘሽ "ለምን ያቃጥላሉ? ከዚያስ መሬቱን ስንት ዓመት ያሳርፉታል?" ብለው ልጆቹ ይጠይቁ። እኔ ከጎናቸው ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። መሬት እየጠበበ ሲሄድ ማሳረፍ ካልተቻለ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የነገ ጥያቄያቸው ነው።

ገብሱ ራሱ ትምህርት ነው። ሰነፍ ገብስ ለቆሎ፣ ሌላው ለጠላ፣ ሌላው ለበሶ እያሉ የለዩት ገበሬዎች ናቸው። ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ዘር የሰበሰበው ይህን ብዛት ሊያይ ነው። በኋላም ዶክተር መላኩ ወረደ የጂን ባንኩን ሲመሩ ዘሩን በማቀዝቀዣ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም ብለው ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ ጠብቀውታል። እሳቸውም እንደ እነ ዶክተር አክሊሉ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተሸልመዋል። ልጆችሽ ከየቤታቸው አንድ አንድ እፍኝ ገብስ ከነስሙ ቢያመጡ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ነገር ይኖርሻል። ማምጣት የማይፈልግ ቤት ካለም አታስገድጂ።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አይፈረድባቸውም። የሚኒስትሪ ውጤት ሲወርድ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ስለ አገር በቀል እውቀት ፍልስፍና አትከራከሪ። ዕቅድሽን ይዘሽ ግቢ። ይሄ ሙከራ ከመጽሐፉ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚሸፍን በእርሳስ ምልክት አድርገሽ አሳዪያቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአገር በቀል እውቀት ቦታ መስጠቱንም በትሕትና አንሺላቸው። ከዚያ ትንሽ ነገር ጠይቂ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ካልሆነም የሳይንስ ክበቡን። በሞዴል ፈተናው ላይ ልጆቹ የፈርመንቴሽንን ጥያቄ ሲመልሱ ያዩታል። እምቢ ካሉሽም ለጊዜው ክበቡ ይበቃሻል። ሌላው ቢቀር የወላጅ መምህር ኅብረቱ ውስጥ ያሉ አባቶችና እናቶች ይረዱሻል፤ ክፍል ገብተው እንዲናገሩ መጋበዝ ለእነሱ ክብር ነው።

ወደ መጽሐፉ ብቻ ልመለስ ወይ ላልሽው፣ እባክሽ አትመለሺ። እነዚያ እጅ ማውጣት የጀመሩ ዝምተኞች ትዝ ይበሉሽ። ለምን ይመስልሻል የተናገሩት? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁትን ተጠይቀው ነው። ያን በር መልሰሽ ብትዘጊው ሁለተኛ አንኳኩተው አይመጡም።

ልጅቷን ግን እስከ እሑድ አታሳድሪያት። ነገ ጠዋት ክፍል ስትገቢ፣ ስሟን ሳትጠሪ፣ ለሁሉም ተናገሪ። "ባለፈው ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሰው ነገር ሳላስፈቅድ ሰሌዳ ላይ አስጻፍኩ። ያ የሰው ሀብት ነው፤ ጥንቆላ አይደለም። በዚህ ክፍል ማንም በቤተሰቡ ሥራ አይሰደብም።" ከዚያ የራስሽን ንገሪያቸው። አያቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች በያቸው፤ ጌሾውን እንዴት እንደምትወቅጥ፣ ጋኑን በምን እንደምታጥን ንገሪያቸው። አፍሬባት ነበር በያቸውም። ያኔ የልጅቷን ፊት አትዪ፤ ትሸማቀቃለች። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሃይላንዶቹን የሚያጥብልሽ ሰው እንደምትፈልጊ ተናግረሽ ጥቂት ቆዪ። እሷ ወደ ኋላ ብትቀር፣ ስለ አያቷ ምንም አትጠይቂያት፤ አብራችሁ ዕቃ እጠቡ።